የግራው እግር ከስክስ

የሀገሬን ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ጠርቻት አቤት ብላኝ ስለማታውቅ ነው። እናንተም ስሟን ፍለጋ አትድከሙ። ወንዝ አላት። ከወንዙ ወዲህ ከተማና ኮሌጅ አለ፤ ከወንዙ ወዲያ የጦር ሰፈር አለ። እኔ ደብሪቱ እባላለሁ፤ ኮሌጁ በር ላይ ጉልት ተቀምጬ ሽንኩርትና ቃሪያ እቸረችራለሁ። ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ከዚያ በላይ የቆጠርኩት ነገር ቢኖር ሽንኩርት ነው። የምነግራችሁ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በሀገራችን ማንም ሰው ተገዶ አይዘምትም። ይህንን እንደ ጌጥ ነው የምንይዘው። ጎረቤታችን ያለው ሀገር ልጆቹን ከመንገድ እያፈሰ ይወስዳል ይባላል፤ እኛ ይህን ስንሰማ ከንፈር እንመጥጣለን። በኛ ዘንድ የሚያፍስ የለም፤ የሚጠይቅ ነው ያለው። ሹመቱም ስሙም ጠያቂ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ኮሌጁ ሲከፈት ጠያቂው ዝናብ ኖረም አልኖረ ጥላውን ይዞ፣ ረጋ ብሎ እየተራመደ ይመጣና በሩ ላይ ይቆማል። ከዚያ ለሚገባው ለሚወጣው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ለሀገርህ ዘብ ስለመቆም እስቲ አስብበት» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። አይጮህም፤ የሰው እጅ አይይዝም። እርጋታውን አይተን «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው» እንላለን።

«አላስብበትም» ማለት ይቻላል። ግን እናንተው ፍረዱ፤ ኮሌጅ የገባ ልጅ «እኔ አላስብም» ይላል? ምን ሊሠራ ገባ ታዲያ? እናም ሁሉም «አስብበታለሁ» ይላል። እንዲህ ላለ ልጅ ወዲያው የግራ እግር ከስክስ ይሰጠዋል። የግራው ብቻ። ቀኙ ከወንዙ ማዶ፣ ሰፈሩ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አስቦ እሺ ካለ በታንኳ ተሻግሮ ቀኙን ያጠልቃል። አስቦ እምቢ ካለ ግራውን ይመልሳል። ሕጉ የሚለው «እንደተሰጠው አድርጎ ይመልስ» ነው፤ ሶሉ ሳያልቅ፣ ቆዳው ሳይጨማደድ ማለት ነው። እስኪወስን ድረስ ደግሞ በሰው ፊት ማውለቅ የለበትም፤ ማሰቡ መታየት አለበትና። ኮሌጁም በበኩሉ በማሰብ ላይ ያለን ልጅ ክፍያ አይጠይቅም። እውነቱን ለመናገር ደግ ሕግ ነው።

ችግሩ የከስክሱ ተረከዝ ነው። ከሰንደሉም ከበረባሶውም ከአራት ጣት በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ የሚያስብ ሁሉ ያነክሳል።

መጀመሪያ ሰሞን እንስቅ ነበር። ቆይቶ ዓይናችን ለመደ። ኮሌጁ ደረጃዎቹን ሁሉ አፍርሶ፣ «ለሚያስቡ ተማሪዎች» ብሎ በአንድ ጎን ከፍ በሌላው ጎን ዝቅ አድርጎ አሠራቸው። ልብስ ሰፊዎች የሱሪን ቀኝ እግር ማሳጠር ጀመሩ። በሠርግ ላይ ጭፈራው ተለወጠ፤ ወደ ግራ ከፍ፣ ወደ ቀኝ ዘፍ። አንድ የኮሌጁ ምሁር ደግሞ የሰው ልጅ ግራ እግር ከጥንት ከተፈጥሮ ረዘም ያለ እንደነበር፣ ያላስተዋልነውም ባለማሰባችን እንደሆነ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፎ ተሸለመ። ሽልማቱን ሊቀበል ሲወጣ ደረጃው አደናቀፈው፤ አጨበጨብንለት። ሁለት እግሩ እኩል የሆነ ጎረምሳ በመንደር ሲያልፍ ኮረዶቹ፣ «አንተ፣ ጭራሽ አታስብም እንዴ?» እያሉ ይዘባበቱበታል።

አሁን ልብ በሉ። የሚያነክስ ሰው መጀመሪያ ዳሌውን ያመዋል። ከዚያ ወገቡን። ከዚያ አንገቱን። ዓመቱ ሲጋመስ ትምህርቱ አይገባው፣ እንቅልፉ አይወስደው። «ምን እያሰብክ ነው?» ብትሉት «ቀኙን ጫማ» ይላችኋል። አንድ ማለዳ ተነስቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። የሚገፋው የለም፤ የሚጎትተው የለም። ጠያቂው ታንኳው ድረስ ይሸኘውና «በገዛ ፈቃዱ» ይላል። ውሸት የለውም። ግራውን የመለሰ ግን አይቼ አላውቅም። ጫማን ተጫምቶ እንዳልተጫሙት አድርጎ መመለስ በየትኛውም ኮሌጅ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም።

አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ ቢሻው። የድልድይ ሥራ ነበር የሚማረው። አባቱን ታንኳ ገልብጦ ያ ወንዝ ነው የወሰደብን፤ ልጁ ከዚያ ወዲህ ወንዙን እንደ ባለዕዳ ነው የሚያየው። «እማ፣ በዚህ ላይ ሰው በእግሩ ሲሄድ ታያለሽ» ይለኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ጠያቂውን በጎን በኩል እያለፈ ገባ። በሦስተኛው ዓመት ግን አንድ ከሰዓት እያነከሰ መጣ። እኔ የሽንኩርት ልጣጭ እያራገፍኩ ነበር። ቀና ብዬ እግሩን አየሁት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ማሰብ ነው፣ እማ።»

«ዘንድሮ ማሰብ እግር ላይ ወረደ?»

«አትቀልጂ። ክፍያውን ከየት ታመጪዋለሽ? ከዚህ ሽንኩርት?»

«እስከዛሬስ ከየት አመጣሁት?»

ያንገበገበኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

«ክፍያው ብቻ አይደለም። ታገል ሄዷል።» ታገል በአንድ ሳህን እየበላ አብሮት ያደገ ጓደኛው ነው። «እሱ ድንበር ላይ ቆሞ እኔ ወረቀት ላይ መስመር አሰምራለሁ። ትምህርቱን ብቻ አስቤ ያንን ሳላስብ ብቀር ሰው ነኝ?»

እውነት አለው። ሀገር ያለ ዘብ አይቆምም፤ እኔም ሽንኩርቴን በሰላም የምሸጠው አንድ ቦታ አንድ የሰው ልጅ ስለቆመ ነው። ያ የሰው ልጅ የኔ እንዲሆን ግን አልፈለግኩም። የማን እንዲሆን እንደፈለግኩ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም።

ሰው ግትር ይለኛል፤ አልክድም። በማግስቱ ጠያቂው ዘንድ ሄድኩ። ጠያቂውን ከተማው ሁሉ አንቱ ይለዋል። እኔ ልጄን ሊወስድ የመጣን ሰው አንቱ ማለት አልሆነልኝም።

«ልጄን ወሰድከው» አልኩት።

«አልወሰድኩም፣ እትዬ። ቤቱ ነው ያለው። ራቱንም እርስዎ ዘንድ ነው የሚበላው።»

«ታዲያ የማን ነው? የኔ ነው ያንተ?»

«የራሱ ነው» አለ፣ ጥላውን ወደኔ አዘንብሎ ፀሐይ እየከለለልኝ። «እኛ እንዲያስብ ብቻ ነው የምንፈልገው።»

«እናትስ በሕጉ ምን ትችላለች?»

«መቆጣት አይፈቀድም። ማስፈራራት አይፈቀድም። እንዲያስብ መርዳት ግን ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ይበረታታል።»

«እርዳታው ምን ዓይነት እንደሆነ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም» አለ። «እስከዛሬ የጠየቀም የለም።»

ከጉልቴ ጎን ባሻ ዘውገ ይቀመጣሉ። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ቀኝ እግራቸውን ድንበር ላይ ጥለው በምርኩዝ የተመለሱ። የግራው ከስክስ እስካሁን እግራቸው ላይ ነው። «በዚህ ከተማ ጫማው የሞላለት ሰው እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ ይቀልዳሉ። ጠያቂው ያለኝን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ባሻ፣ እርስዎ ያኔ ምን አስበው ነው የተሻገሩት?» አልኳቸው።

«እኔ? ስለ ወገቤ ነዋ! አንቺ ደብሬ፣ የሚያነክስ ሰው ስለ ሀገር የሚያስብ ይመስልሻል? እኔ ስለ ወገቤ አስቤ፣ አስቤ፣ ሲበቃኝ ተሻገርኩ። ቀኙን ያጠለቅኩ ዕለት እፎይ ብዬ አለቀስኩ። አዛዡ የሀገር ፍቅር መስሎት አቀፈኝ።»

«ይጸጸታሉ?»

ሳቃቸውን ተዉት። «አንድ ኮዳ ውሃ ለጓድ ሁሉ ሲዞር፣ ለቀጣዩ ይብቃ እየተባለ ሳይጎድል የሚመለስበት ቦታ ነበር። እንደዚያ ያለ ወንድምነት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እግሬንም ያጣሁት እዚያው ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ግን አስቤበት ሄጄ ቢሆን፣ እግሬን የሰጠሁት እኔ ነኝ እል ነበር። አሁን የሰጠው ወገቤ ነው።»

ዘንቢሌን አደራ ብያቸው ቀጥ ብዬ ጎሚስታው ዘንድ ሄድኩ። ያለቀ የከባድ መኪና ጎማ ለምኜ ጎትቼ አመጣሁ። ጫማ ሠርቼ አላውቅም። መጀመሪያ የቆረጥኩት ጠመመ። ሌላው ሚስማሩ ወደ ውስጥ ወጣ። ቢላዋዬ ደነዘ፤ አውራ ጣቴ ቆሰለ፤ የሽንኩርት እጅ ሲቆስል እንዴት እንደሚያቃጥል የቀመሰ ያውቀዋል። በመጨረሻ ጎማ በጎማ ላይ ደራርቤ የቢሻውን የቀኝ እግር በረባሶ ከከስክሱ እኩል አደረስኩት። አያምርም። የዝሆን ኮቴ ነው የሚመስለው።

«እኔ ይህን አላደርግም። ሰው ይስቅብኛል» አለ ቢሻው።

«ሰው የሚያነክስበት ሀገር ቆሞ መሄድ ያስቃል፤ ይሳቁ።»

«እማ…»

«አስብ ተባልክ አይደል? ቆመህ አስብ!»

አጠለቀው። ተነሳ። ወለሉን አየ፤ ግድግዳውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ለካ ያ ዘሞ የከረመ ልጅ ሲቃና ከኔ በራስ ይበልጣል። «ዝም አለ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ወገቤ።»

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲያነክስ ያማርር ነበር፤ ሲቃና መጠየቅ ጀመረ። ባሻ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ «ድንበሩ ድንበር መሆኑ በምን ይታወቃል? በወዲያ በኩል የቆመው ልጅ ምን ይበላል? እሱስ ተጠይቆ ነው ታፍሶ ነው የመጣው? ከታፈሰ፣ ተጠይቆ የመጣ ሰው ያልተጠየቀውን ሲገድል ማን ይጠየቃል?» ይላቸዋል። ባሻ የሚያውቁትን ይመልሳሉ፤ የማያውቁት ሲመጣ ምርኩዛቸውን ያገላብጣሉ። መምህሩን «ድልድዩን ብሠራው መጀመሪያ የሚሻገርበት ተማሪ ነው ወታደር?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» አለው። እኔን ደግሞ ሳህን እያጠብኩ፣ «እማ፣ አንቺ ብትሆኚስ?» ይለኛል። እኔ የፈለግኩት እንዲቀር ነው እንጂ ይህን ሁሉ እንዲያስብ አልነበረም። ግን በእጄ የመታሁትን ሚስማር ተመልሼ አልነቅልም።

ወሬው ወጣ። ጓደኞቹ እያነከሱ እየመጡ «እትዬ ደብሪቱ፣ ለኔም» ይሉኝ ጀመር። ጉልቴ ከሽንኩርት ይልቅ ጎማ በዛበት። ቀጥ ብለው የሚሄዱ ልጆች በከተማው ሲበረክቱ ሰው ተረበሸ። ቀጥ ያሉት በኮሌጁ ደረጃ ላይ እየወደቁ ተፈነከቱ፤ ዲኑ «ማሰብ ለአደጋ ተጋልጧል» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፈ። ልብስ ሰፊዎች ያሳጠርነውን ሱሪ ማን ይግዛን ብለው ሰልፍ ወጡ። ምሁሩ አንድ ሳምንት ጠፍቶ ከረመና፣ ቀኝ እግርም በዘመናት ሂደት ማደጉ አይቀሬ እንደነበር የሚያስረዳ ሁለተኛ መጽሐፍ ይዞ ብቅ አለ።

በዚህ ጊዜ ጠያቂው ጉልቴ ድረስ መጣ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ልጅዎ እሺ አለ ወይስ እምቢ አለ?»

«እያሰበ ነው።»

«አያነክስም እኮ!»

«እንዲያስብ ነው ያልከው። እንዲያነክስ መቼ አልክ?»

«ሕጉን አገላበጥኩት» አለ፣ እንደ ደከመው ሰው። «ማነከስ የሚል የለበትም። ሁላችንም ያለ ይመስለን ነበር።»

ባሻ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ሱሪው ወደ ላይ ተሰበሰበ። በግራ እግሩ ያረጀ፣ የተሰነጣጠቀ ከስክስ ነበር። በቀኙ የተራ ሰው ጫማ።

«እንዴ!» አሉ ባሻ። «አንተም?»

ጠያቂው ሱሪውን ለመመለስ ሞከረና ተወው። «ኮሌጅ ሳለሁ ነው የተሰጠኝ። መሻገሩን ፈራሁ፤ ጫማው አልቆ ነበርና መመለስም አልቻልኩም። ‹እስክትወስን ድረስ ሌሎቹን ጠይቅ› አሉኝ። ጥላውን የሰጡኝ እንድደገፍበት ነው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን? ያምሃል?» አልኩት።

«ድምፄ እንዲህ የለሰለሰው ከምን ይመስልዎታል?» አለ።

ያ እኛ ጨዋነት ያልነው ሁሉ ወገብ ነበር። ከጎማው አንድ ቁራጭ አነሳሁና፣ «እስቲ ይቁሙ» አልኩት። «ቀኝ እግርዎን ልለካው።»

ጠያቂው ከተቃና በኋላ በሩ ላይ መቆሙን አልተወም፤ ሹመቱ ነዋ። ግን «አስብበት» ብሎ ከስክሱን ከመስጠቱ በፊት ልጁን ወደኔ ጉልት ይጠቁመዋል። ያረጀ ከስክስ ይዞ የሚመጣውንም፣ «ሶሉ እኮ አልቋል» እያለ ሲፈራ፣ «እንደተሰጠህ ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ቆመው ካሰቡት ብዙዎቹ መለሱ። ጥቂቶቹ ተሻገሩ። የሚሻገሩትም ሲወርዱ እንደ በፊቱ አልነበሩም፤ የሚሄዱበትን የሚያዩ ነበሩ።

ቢሻው አንድ ጠዋት መጻሕፍቱን በጨርቅ አስሮ ጉልቴ መጣ። አንዲት ሴት ቀይ ሽንኩርት እየመረጠች ነበር።

«ወሰንኩ፣ እማ።»

«እሰይ! ስጠኝ ከስክሱን፣ እኔው እመልስልሃለሁ።»

«እሄዳለሁ።»

ለሴትየዋ ሽንኩርቱን ሳልመዝን ሰጠኋት።

«ክፍያው ነው?»

«አይደለም።»

«ታገል ነው?»

«እሱም አለበት። ግን እማ፣ ማዶ ካሉት አብዛኞቹ የተሻገሩት ወገባቸውን አሟቸው ነው። አንድ ቀን ‹ተኩሱ› ይባላሉ። ያን ቀን ከመሃላቸው አስቦ የመጣ ሰው ያስፈልጋል፤ ቢያንስ ‹ለምን› የሚል። ሁሉም አሳቢ እዚህ ከቀረ እዚያ ማን ይኖራል? የድልድዩንም ነገር አልተውኩትም። ወንዙን ከወዲያ በኩል አይቼው አላውቅም፤ ከአንድ ወገን ብቻ የታየ ወንዝ ላይ ድልድይ አይቆምም።»

«ይህን ሁሉ ያሰብከው በኔ ጎማ ላይ ቆመህ ነው?»

«በሱ ላይ ቆሜ ነው።»

«ጎማው በተቃጠለ!»

ሳቀ። እኔም ልስቅ ብዬ አፌ እምቢ አለኝ።

እግሩ ላይ ወድቄ ላስቀረው እችል ነበር። ይቀርልኝም ነበር፤ አውቀዋለሁ። ግን ያኔ ወገቡ ለቀቀው እንጂ እናቱ አልለቀቀችውም ማለት ነው። ክፉውን ደጉን አሰብኩ። ከዚያ «ና፣ እግርህን ስጠኝ» አልኩትና የላሉትን ሚስማሮች በመመዘኛዬ ድንጋይ መትቼ አጠበቅኩለት።

ወንዙ ዳር ባለታንኳው፣ «ቀኙ ከስክስ ማዶ ተቀምጦልሃል፤ ያንን ጎማ ጣለው» አለው።

«ይሄ ይሻለኛል» አለ ቢሻው።

ጠያቂው ሊሸኘው መጥቶ ነበር፤ ያለ ጥላ። «በገዛ ፈቃዱ» ይላል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለ። ታንኳው ሲነሳ ቢሻው ራሱ ወደኔ ዞሮ፣ «በገዛ ፈቃዴ ነው፣ እማ» አለኝ። ያ ቃል በሀገራችን ከባለቤቱ አፍ ሲወጣ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ያማል።

መጻሕፍቱ አልጋዬ ስር ናቸው። የግራ እግሩ በረባሶ ግን እዚሁ ጉልቴ ላይ፣ ከሽንኩርቱ ጎን ነው። ሲመለስ ከስክሱን አውልቆ እሱን ነው የሚያደርገው፤ ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ ብዬ እሱንም ጎማ ደራርቤ ከፍ አድርጌዋለሁ። ገዢ አንስቶ ሲያየው «አይሸጥም» እለዋለሁ።

ትናንት ባሻ ዘውገ ሲያዩት ቆዩ።

«ደብሬ፣ ይህ ከስክሴ አለቀ እኮ» አሉኝ። «ያ ግራ ጫማ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ለኔ አንዱ ይበቃኛል።»

እንደ ቀልድ ነው ያሉት። ዓይናቸው ግን ወንዙ ላይ ነበር። ከማዶ ታንኳ ከመጣ ሰነባብቷል።

ጫማውን አነሳሁና አቧራውን በነጠላዬ ጠርጌ ወደ ራሴ አስጠግቼ አስቀመጥኩት።

«አይሆንዎትም፣ ባሻ» አልኳቸው።

«ሳልለካው?»

«ሳይለኩት።»